ፊልትሮው ለምን ተደፈነ?

(በአዳማ ከተማ ለሹፌሮች፣ ለመኪና ባለንብረቶች፣ ለጋራዥ ሠራተኞችና ለማንኛውም አድማጭ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



የመኪናን ሙያ የጀመርኩት በጭነት መኪና ረዳትነት ነው። አንድ ሌሊት ከፎገራ ሽንኩርት ጭነን ወደ አዲስ አበባ እንመጣለን። ደጀንን አልፈን፣ ዓባይ በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን የጎሐ ጽዮንን ዳገት እንደ ያዝን አይሱዙው ጉልበት አነሰው። ሜዳ ላይ ምንም ያልነበረው መኪና በሁለተኛ ማርሽ አልጎትትም አለ። አንደኛ አስገባን፤ እሱም ትንሽ ተንገዳገደና ጠፋ። ሽንኩርቱ ፀሐይ እንዳያገኘው ሌሊቱን መጨረስ ነበረብን። ሹፌሩ፣ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው፣ ወረዱ። እኔ ባትሪ አበራሁላቸው። የነዳጁን ቱቦ ከፊልትሮው ነቅለው በቀጥታ ከፖምፓው ጋር አገናኙትና አየሩን በእጅ አስወጥተው "እስቲ አስነሣው" አሉኝ። ሞተሩ ተነሣ፤ እንዲያውም ከቀድሞው በርትቶ ተነሣ። ጋሼ ፊልትሮውን ወደ ገደሉ ወረወሩትና "ጠላታችን ይሄ ነበር" አሉ። እኔም አመንኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው መኪና ጠዋት ጠዋት አልነሣም ማለት ጀመረ። ሲነሣም ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ያንኳኳል። ፖምፓው ተፈትቶ ሲታይ እንደ መስታወት ማብረቅ የነበረበት የውስጥ ብረት በሚስማር የተጫረ መስሎ አገኘነው። የጥገናው ዋጋ የብዙ ጉዞ ትርፍ በላ። ያን ሰሞን ነዳጅ የቀዳነው መንገድ ዳር ከቆመ በርሜል ነበር። ፊልትሮው በርሜሉ ውስጥ የነበረውን ዝገትና አሸዋ ይዞ ቆሞ ነበር። እኛ ግን ዘበኛውን ገደል ከተን ሌባውን ቤት አስገባነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ከዚያ ሌሊት የተማርኩትን ነው። የተደፈነ ፊልትሮ የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ሥራውን የሠራ ዕቃ ነው። ስለዚህ ፊልትሮ ሲደፈን ጥያቄው "ምን ዓይነት የማይረባ ፊልትሮ ነው?" ሳይሆን "ምን አጠጣነው?" መሆን አለበት። እኔ በየጋራዡ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ቶሎ የሚደፈነው ፊልትሮ ይረገማል፤ ከዓመት ዓመት ሳይደፈን የሚቆየው ርካሹ ይመሰገናል። ያ ርካሽ ፊልትሮ የማይደፈነው ሁሉን ስለሚያሳልፍ ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲገባን ከሞተሩ እንጀምር። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ሲያምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ በጉም መልክ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1892 በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ የሚሠራ ሞተር አሳየ። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ የዲዝል ሞተሮች ነዳጁን የሚረጩት በታመቀ አየር ነበርና ግዙፍ መጭመቂያ ይፈልጉ ነበር። ለፋብሪካና ለመርከብ ይሆናሉ፤ መኪና ላይ ግን አይጫኑም። ናፍጣ ለጭነት መኪና በሰፊው የበቃው የሮበርት ቦሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1927 አነስተኛና ልከኛ የነዳጅ ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ያ ፖምፓ ነዳጁን የሚገፋው እርስ በርሳቸው ተፈጭተው በተገጣጠሙ ብረቶች ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሚክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ሚክሮን ደግሞ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በዚያ ክፍተት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) አይገባም፤ የሞተር ዘይትም በብዙዎቹ ውስጥ አይደርስም። ብረቱን የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ናፍጣው ቆሻሻ ከሆነ ቅባት የሆነው ነገር ራሱ ሞረድ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ዓይናችንን እንፈትን። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ሚክሮን አካባቢ ነው። በዓይናችን ለይተን የምናየው ትንሹ ብናኝ 40 ሚክሮን ገደማ ነው። ኢንጀክተርን፣ ማለትም ነዳጁን የሚረጨውን ዕቃ፣ የሚጎዳው ብናኝ ግን ከ5 እስከ 10 ሚክሮን ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አንሥቶ "ጥርት ያለ ነው" ማለት ምንም ማስረጃ አይሆንም። በነጠላ ወይም በሻሽ አጥልሎ መቅዳትም እንዲሁ ነው። ጨርቅ ቅጠልና ትንኝ ያስቀራል፤ ሞተሩን የሚበላው ብናኝ በክሩ መካከል እየሄደ ያልፋል።

የድሮው ፖምፓ ናፍጣውን ወደ መርጫው ጫፍ (ኖዝል) የሚገፋው፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት፣ ከ120 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ኖዝሉን እየከፈተ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ መሆኑን አስቡና አነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ በሂኖ የጭነት መኪና ላይ ኮመን ሬል የሚባለው አሠራር ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ አዳዲሶቹ ከባድ መኪኖችና ፒክአፖች በአብዛኛው በዚሁ ይሠራሉ። በዚህ አሠራር ግፊቱ 1,600 እና 2,000 ባር ይደርሳል፤ ከዚያ የሚያልፍም አለ። በዚያ ግፊት የምትወነጨፍ አንዲት የአሸዋ ብናኝ ብረት ትቦረቡራለች። የድሮው ፖምፓ ቆሻሻ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደክም ነበር፤ አስታምሞ የሚያነዳው ሹፌርም ነበር። የዛሬው ኢንጀክተር ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። "እኔ ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ምንም አልሆነም" የሚሉ አንጋፋ ሹፌሮች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ያ እውነት ግን የሌላ ሞተር እውነት ነው።

አንድ የፊልትሮ ጠባይ ደግሞ ማወቅ ይገባናል። የሞተር ዘይት ፊልትሮ ሲደፈን በብዙ ሞተሮች ላይ ማለፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራም ቢሆን ያልፋል፤ ሞተር ያለ ዘይት ከሚሠራ በቆሸሸ ዘይት ቢሠራ ይሻላልና። የነዳጅ ፊልትሮ ግን ይህ ማለፊያ በአብዛኛው የለውም። ሲደፈን ሞተሩን ያስርበዋል እንጂ ቆሻሻ አያሳልፍም። የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው ያደረጉት ነው። በዓባይ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣነው ፊልትሮው ስለከዳን አልነበረም፤ የተሠራው እንዲያ እንዲያቆም ተደርጎ ነበር። መደፈኑ ይበልጥ ዳገት ላይ የሚታወቅበትም ምክንያት አለው። ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነዳጅ በደከመው ፊልትሮ ያልፋል፤ ዳገት ላይ ሙሉ ጉልበት ስንጠይቅ አይበቃም። ጣርማ በር ላይ ወይም ዓባይ በረሃ ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ ብቻ የሚደክም መኪና ካላችሁ ቱርቦውንና ፖምፓውን ከመክሰሳችሁ በፊት ፊልትሮውን እዩ።

እስቲ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ከአዲስ አበባ በሚሌና በጋላፊ ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 1,800። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር የሚጠጣ ከባድ መኪና በአንድ ምልልስ 720 ሊትር ያቃጥላል፤ ይህም በክብደት 600 ኪሎ ያህል ነው። የአውሮፓ የናፍጣ ደረጃ በአንድ ኪሎ ናፍጣ ውስጥ እስከ 24 ሚሊ ግራም ጠጣር ቆሻሻና እስከ 200 ሚሊ ግራም ውኃ ይፈቅዳል። ይህ የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን መሆኑን ልብ በሉ። ስናባዛው 14 ግራም ተኩል ያህል ቆሻሻና 120 ግራም ያህል ውኃ ይመጣል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ አፈር፣ አንድ ተኩል የቡና ሲኒ ውኃ። ይህ እንግዲህ ደረጃውን ባሟላ ናፍጣ፣ በአንድ ምልልስ ብቻ ነው። በዛገ በርሜልና በመንገድ ዳር ጀሪካን ያለፈው ስንት እንደሚይዝ እናንተው ገምቱ። በዚያ ላይ ፖምፓው ከሚቃጠለው በላይ ስቦ ትርፉን ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሰልባትዮው፣ ስለሚመልስ ያው ነዳጅ በፊልትሮው ደጋግሞ ያልፋል።

ስለ ውኃው ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አገር መንገድ ላይ ከአቧራው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ብዙ ውኃ በውስጡ አሟሙቶ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ውኃ ይለቃል። አሁን መኪናውን ተከተሉት። በአፋር ሜዳ፣ በሰመራና በሚሌ ሙቀት፣ ሰልባትዮው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። በማግስቱ ሌሊት ያው መኪና ደጋ ላይ፣ ብርድ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ሟሙቶ የነበረው ውኃ ነጠብጣብ ሆኖ ይለያል። ሰልባትዮው ጎደሎ ከሆነ ደግሞ ባዶውን ቦታ የያዘው እርጥብ አየር የሰልባትዮውን ግድግዳ ያላብሰዋል፤ ላቡ ቁልቁል ይወርዳል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ መምጠጫው ቱቦም ያለው ከሥር ነው። ስለዚህ ማታ ሰልባትዮ ሞልቶ ማሳደር የድሮ ሹፌሮች ልማድ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ መኪና የውኃ መለያውን ከማንም ቀድሞ፣ በየጊዜው ማራገፍ አለበት።

ውኃ ኢንጀክተር ውስጥ ሲገባ ሦስት ነገር ያደርጋል። ብረቱን ያዝጋል፤ ናፍጣው ይሰጥ የነበረውን ቅባትነት ያሳጣል፤ ከጋለው የኖዝል ጫፍ ሲደርስ ደግሞ በድንገት ተንኖ ጫፉን ሊሰብር ይችላል። አራተኛም አለ፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ድንበር ላይ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። ውኃው ውስጥ ሆነው ናፍጣውን ይበላሉ። ፊልትሮ ሲፈታ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚያዳልጥ ዝልግልግ ነገር ካያችሁና የመበስበስ ሽታ ከሸተታችሁ እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆመ መኪናና ጄኔሬተር ላይ ይበረታሉ። ያን ጊዜ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሰልባትዮው ተራግፎ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ አዲሱም በጥቂት ቀን ይደፈናል።

ከፊልትሮው በፊት ወይም ከሥሩ የውኃ መለያ ያለው መኪና ብዙ ነው፤ ከታች ትንሽ መክፈቻ ቡሎን ወይም ቧንቧ አለው። ዳሽቦርድ ላይ የውኃ መብራት የሚያበራም አለ፤ በናፍጣ ፒክአፖች ላይ ታዩታላችሁ። መብራቱ ሲበራ "ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው" ብሎ አምፖሉን ያስነቀለ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ሞተሩን አጥፉ፣ ከሥር ዕቃ አስቀምጡ፣ መክፈቻውን አላሉ፣ የእጅ ፓምፑን እየጫናችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አራግፉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የወጣውን መሬት ላይ አትድፉት፤ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት አለ።

ወደ መቀየሩ ልለፍ። እዚህ ላይ ለጋራዥ ወንድሞቼና እህቶቼ በግልጽ እናገራለሁ፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው በእኛው እጅ ነውና። ፊልትሮ ሲቀየር ለጥቂት ደቂቃ የነዳጁ መንገድ ክፍት ይሆናል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ የሚገባው ቆሻሻ አሮጌው ፊልትሮ በወራት ካሳለፈው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን እጠቡና አድርቁ። አዲሱን ፊልትሮ ከፕላስቲኩ የምታወጡት ልትገጥሙት እጃችሁን ስትዘረጉ ነው እንጂ ጠዋት አውጥታችሁ በአቧራ ውስጥ አስቀምጣችሁ አይደለም። ክር የሚተው አሮጌ ጨርቅም አትጠቀሙ።

ከሁሉ የከፋው የሃይላንዱ ነገር ነው። አዲሱን ፊልትሮ ከመግጠም በፊት በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ናፍጣ ቀድቶ መሙላት ልማዳችን ነው፤ ሞተሩ ቶሎ እንዲነሣ፣ አየር እንዳይዝ ብለን። ፊልትሮውን ከላይ ስታዩት ዙሪያውን ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ። በአብዛኞቹ ተጠምዛዥ ፊልትሮዎች ነዳጁ የሚገባው በትናንሾቹ ነው፤ ተጣርቶ የሚወጣው በመሐሉ ነው። ናፍጣውን በመሐሉ ስንሞላ የሃይላንዱን ቆሻሻ በንጹሑ በኩል አስገባነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያጣራው የለም፤ በቀጥታ ወደ ፖምፓውና ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል። በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ አምራቾቹ የሁለተኛውን፣ ማለትም የመጨረሻውን ፊልትሮ ባዶውን ገጥማችሁ በእጅ ፓምፑ ወይም በኤሌክትሪኩ ፓምፕ ሙሉት የሚሉት ለዚህ ነው። የእጅ ፓምፑን መቶ ጊዜ መጫን ክንድ ያደክማል፤ አውቃለሁ። ኢንጀክተር መግዛት ግን ቤተሰብ ያደክማል።

ጎሚኒውን በንጹሕ ናፍጣ ቀቡት። በእጅ አዙራችሁ ጎሚኒው ሲነካ ከዚያ በኋላ ፊልትሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም ሦስት ሩብ ዙር፣ ጨምሩ። በመፍቻ አጥብቆ ማሰር ጎሚኒውን ያደቀዋል፤ ከዚያ አየር ይስባል። የናፍጣ መኪና አየር ሲይዘው ይነሣና ይጠፋል፣ ወይም ጭራሽ አይነሣም፤ ናፍጣ ሲያፈስ ግን ላይታይ ይችላል። አየሩን ስታወጡ በኮመን ሬል ሞተር ላይ የከፍተኛ ግፊት ቱቦውን ሞተሩ እየሠራ አትፍቱ፤ የሚያፈስበትንም በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ስለሚሆን ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ጣትና እጅ ያሳጣል። እንዲህ የሆነ ሰው ቢያጋጥማችሁ ባይታመምም እንኳ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት፤ ለሐኪሙም ናፍጣ በግፊት እንደ ገባበት በግልጽ ንገሩለት።

አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ መልሶ መግጠምም መቆም አለበት። ወረቀቱ የቃጫ መረብ ነው። የአየሩ ግፊት መረቡን ይቀድደዋል ወይም ቀዳዳዎቹን ያሰፋል። ከውጭ ንጹሕ ይመስላል፤ መኪናውም ይነሣል፤ ማጣራቱ ግን ቀርቷል። ፎርጅድ ፊልትሮም ከዚህ አይለይም፤ ካርቶኑና ቀለሙ እውነተኛውን ይመስላል። ጥርጣሬ ሲገባኝ የማደርገውን ልንገራችሁ። ያገለገለውን እውነተኛ ፊልትሮና የተጠረጠረውን ሁለቱንም በመጋዝ እከፍታቸዋለሁ። የወረቀቱን እጥፋት እቆጥራለሁ፣ ማጣበቂያው ጫፍ ድረስ መድረሱን አያለሁ፣ ወረቀቱን በጣቴ እፈትነዋለሁ። የወረቀቱ እጥፋት ካነሰ ቆሻሻ የሚይዝበት ስፋትም ያነሰ ነው። ባለንብረቶች ሆይ፣ ይህን መካኒካችሁ ፊታችሁ እንዲያደርገው ጠይቁ።

ያገለገለ ፊልትሮ መክፈት ሌላም ጥቅም አለው። ቀይ ዝገት ካለ ሰልባትዮው ወይም የቀዳችሁበት በርሜል እየዛገ ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ደቃቅ ካያችሁ ከፊልትሮው በፊት ያለው ፓምፕ እየተበላ ነው። ጥቁር ሙጫ የመሰለ ከሆነ ናፍጣው ያረጀ ወይም በሙቀት የተበላሸ ነው። ጥሩ አሸዋ ካለ የሰልባትዮው ክዳን ወይም የመተንፈሻው ቱቦ አቧራ ያስገባል። ይህን የምታነቡት ፊልትሮውን ከመጣላችሁ በፊት ብቻ ነው።

የቤንዚን መኪና ያላችሁ "ይህ ሁሉ እኛን አይመለከተንም" እንዳትሉ። በተለመደው የቤንዚን ኢንጀክሽን ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር ነው፤ ስለዚህ ኢንጀክተሩ ከናፍጣው ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ፊልትሮውም ሻካራ ቢሆን ይችላል። በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት አዳዲሶቹ ግን 100 ባርና ከዚያ በላይ ስለሚሠሩ ወደ ናፍጣው ጠባይ ቀርበዋል። በቤንዚን ፒክአፕ ላይ የተደፈነ ፊልትሮ መጀመሪያ የሚገድለው ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ፊልትሮው ሲጠብበት አብዝቶ ይደክማል፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ የነዳጁ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ እየነዳን ሰልባትዮውን ስናጎድል ማቀዝቀዣውን እንነሣዋለን። ፓምፕ በየጊዜው የሚቃጠልበት መኪና ካለ ፓምፑን ብቻ ከመቀየር ፊልትሮውን ጠይቁ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም፣ እኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካ በሚገኝ ኢታኖል እንደ ተሞከረው፣ ውኃ ይስባል፤ የአሮጌ ሰልባትዮ ዝቃጭንም አላቅቆ ወደ ፊልትሮው ያመጣል። በአንዳንድ መኪኖች ፊልትሮው ከፓምፑ ጋር ሰልባትዮው ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

የቤንዚን ፊልትሮ ስትቀይሩ የምትጠነቀቁለት ነገር እሳት ነው። ናፍጣ እንዲቀጣጠል ከ55 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ እንኳ ተቀጣጣይ ጋዝ ይሰጣል። ያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከመኪና ሥር ባለው ጉድጓድ ይተኛል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የመሥመሩ ግፊት ይራገፍ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ በአጠገብ ብየዳና ሲጋራ አይኑር። አንድ ነገር ደግሞ በልመና እጨምራለሁ፤ ቤንዚንም ናፍጣም በአፍ አትሳቡ። ትንሽ እንኳ ወደ ሳንባ ቢገባ ከባድ የሳንባ ቁስለት ያመጣል። ብዙ ጊዜ ይህን እንዲያደርግ የሚታዘዘው ረዳቱ፣ ልጁ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ የእጅ መሳቢያ ፓምፕ ርካሽ ነው።

ፊልትሮ የሚደፈነው በቆሻሻና በውኃ ብቻ አይደለም፤ ብርድም ይደፍነዋል። በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን እየበዙ ነው። እዚያ ሌላ መከራ አለ። ተራው ናፍጣ ሰም አለበት፤ ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ሰሙ መርጋት ይጀምራል፤ ፊልትሮው በአንድ ሌሊት ይደፈናል። በሚኒሶታ ክረምት ጠዋት መኪናው አልነሣ ያለው ወንድማችሁ ስልክ ቢደውልላችሁ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም። ለክረምት የተዘጋጀውን ናፍጣ ወይም የክረምቱን ማሟያ መቅዳት ያለበት ብርዱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ከረጋ በኋላ የሚጨመረው ብዙም አይረዳም።

ንግግሬን ልጨርስ ስል አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው የጠየቁኝን ለሁላችሁም ልመልስ። "ልጄ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ልቀይር? አንዱ 5 ሺሕ ይላል፣ ሌላው 30 ሺሕ" አሉኝ። አባባ፣ የመኪናዎ መመሪያ የሚለውን ይያዙ፤ አምራቾች እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ10 ሺሕ እስከ 40 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ቁጥር ይሰጣሉ። ነገር ግን ያ ቁጥር ለጥሩ መንገድና ለጥሩ ነዳጅ የተሰጠ ነው። በአቧራ የሚሠራ፣ ከጀሪካን የሚቀዳ፣ ቆሞ ሞተሩን እያሠራ የሚውል መኪና በግማሹ ቢቀይር ትክክል ነው። ቆሞ የሚሠራውንማ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሞተር ሰዓት ቁጠሩት። ሁለት ፊልትሮ ያለው መኪና ሁለቱንም በአንድ ቀን ይቀይር። መቀየሪያው ቀን ሳይደርስ ከተደፈነ ግን ቁጥሩን አታሳጥሩ፤ ነዳጁን የቀዳችሁበትን ቦታ ቀይሩ። ቦቴ መኪና ገና እያራገፈ ካለበት ማደያም አትቅዱ፤ የጉድጓዱ ዝቃጭ በዚያ ሰዓት ተናውጦ ነው ያለው፤ ጥቂት ሰዓት ይረፍ።

አባባ ቀጥለው "እኔ መቼ እንደ ቀየርኩ አላስታውስም" አሉ። በአዳራሹ ውስጥ እጅ እንዲያወጡ ስጠይቅ የመጨረሻውን ቀን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው። ዛሬ ወደ መኪናችሁ ስትመለሱ ፊልትሮው አካል ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፤ ያልተጻፈበት ፊልትሮ ከሆነ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና ነገ ቀይሩት።